በእኩዮች ፊት መቅረብ፦ የአሜሪካ የወጣቶች ፍርድ ቤቶች አሠራርና በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ሊያውቁት የሚገባ

መግቢያ

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የክፍላችን አለቃ ነበርኩ። አንድ ቀን የአንዲት ተማሪ ካልኩሌተር ጠፋና ፍተሻ ተደረገ። ካልኩሌተሩ ከኋላ ወንበር ከሚቀመጥ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ። ልጁ አልካደም፤ "ፈተናው ሲያልቅ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው" አለ። እኔም እንደ ደንቡ ስሙን ጽፌ ለዩኒት ሊደሩ ሰጠሁ። በማግስቱ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ልጁ ከሰልፍ ወጥቶ ፊት ለፊታችን ቆመ። ጥፋቱ በማይክሮፎን ተነገረ። ተማሪው በሙሉ ጮኸበት። እኔም ጮኼበታለሁ፣ አልዋሽም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ "ካልኩሌተር" ነበር የሚባለው። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ትምህርቱን ተወ።

ይህን ያነሣሁት ለወሬ ያህል አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር በወንጀል ሕግ ትምህርት ስለ ወጣት ጥፋተኞች ስንማር መምህራችን በአሜሪካ "ቲን ኮርት" እየተባለ ስለሚጠራው አሠራር አንብበን እንድንመጣ አዘውን ነበር። ሳነብ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ልጅ ነው። እዚያም ቢሆን ያጠፋ ልጅ በእኩዮቹ ፊት ይቆማል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? አንዱ ልጅን ከትምህርት ቤት ሲያባርር ሌላው ወደ ትምህርት ቤት የሚመልስበት ምክንያት ምን ይሆን? በዚህ አጭር ጽሑፍ የወጣቶች ፍርድ ቤት ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ጥናቶች ስለ ውጤቱ ምን እንዳሉ፣ በተለይ ደግሞ እዚያ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ወጣቶች ምን ማወቅ እንዳለባቸው ለማሳየት እሞክራለሁ። መድረኩን የሚለየው ለእኩዮቹ የተሰጣቸው ሥራ ነው የሚል አስተያየት አለኝ፤ ጽሑፉም የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው።

1. የወጣቶች ፍርድ ቤት ስንል ምን ማለታችን ነው?

"ቲን ኮርት"፣ "ዩዝ ኮርት" ወይም "ፒር ኮርት" የሚሉት ስሞች ሁሉ አንድ ዓይነት አሠራርን ያመለክታሉ። ቀላል ጥፋት ያጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜም ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ታዳጊ፣ ጉዳዩ በመደበኛው የወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤት ከመታየቱ ይልቅ በዕድሜ እኩዮቹ ፊት ቀርቦ ስለ ጥፋቱ ይጠየቃል። እኩዮቹም ጥፋቱን የሚያስተካክልበትን ግዴታ ይወስኑለታል። ግዴታውን በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ከፈጸመ ክሱ ይቀርለታል ወይም ከመነሻው አይመሠረትበትም። ካልፈጸመ ጉዳዩ ወደ መደበኛው መንገድ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንባቢን ሊያሳስት የሚችለው "ፍርድ ቤት" የሚለው ቃል ነው። ችሎት አለ፣ ዳኛ አለ፣ ቃለ መሐላ አለ። ነገር ግን አብዛኞቹ የወጣቶች ፍርድ ቤቶች "ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?" የሚለውን ጥያቄ አያዩም። ወጣቱ ወደዚያ ለመሄድ በቅድሚያ ጥፋቱን ማመን፣ እሱም ወላጆቹም በፈቃዳቸው መስማማት አለባቸው። ስለዚህ ለእኩዮቹ የሚቀርበው ጥያቄ "ከዚህ በኋላ ምን ይደረግ?" የሚለው ብቻ ነው። ማሰር የሚባል ሥልጣንም የላቸውም።

የሚቀርቡት ጉዳዮች ከሱቅ ዕቃ መስረቅ፣ ቀላል ድብድብ፣ የሰውን ወይም የሕዝብን ንብረት ማበላሸት፣ ለዕድሜው የተከለከለ አልኮል ይዞ መገኘት፣ ሁከት መፍጠርና የመሳሰሉት ናቸው። ከባድ የኃይል ወንጀል ወደዚህ አይመጣም።

2. አመጣጡ

እንደሚታወቀው ለሕፃናትና ለወጣቶች የተለየ ፍርድ ቤት በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1899 በቺካጎ (ኩክ ካውንቲ) ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፦ ዳኛው እንደ አባት ሆኖ ልጁን ያርመው እንጂ እንደ ወንጀለኛ አይቅጣው የሚል ነው። ይሁን እንጂ "አባትነቱ" መብት የሚባለውን ነገር እስከ መርሳት ደረሰ። ለዚህ ዋናው ምሳሌ በአሪዞና የደረሰው የጄራልድ ጎልት ጉዳይ ነው። ይህ የ15 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1964 ለጎረቤት በስልክ ጸያፍ ነገር ተናግሯል ተብሎ ተያዘ። ከሳሿ ችሎት አልቀረበችም፣ ጠበቃም አልነበረውም። እስከ 21 ዓመቱ ማለትም እስከ 6 ዓመት በማረሚያ ትምህርት ቤት እንዲቆይ ተወሰነበት። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ያንኑ ቢያደርግ ኖሮ ቅጣቱ ቢበዛ 50 ዶላር ወይም የሁለት ወር እስራት ነበር! የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 ውሳኔውን ሻረ። ወጣቶችም ክሱን አስቀድሞ የማወቅ፣ በጠበቃ የመወከል፣ ምስክርን የመጠየቅና በራስ ላይ ያለመመስከር መብት እንዳላቸው አጸና። ይህን ጉዳይ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመደበኛው ፍርድ ቤት ጉዳዮች ሲበዙ ሌላ ችግር መጣ። ዳኞቹ ከባድ ከባዱን ሲያዩ ቀላሉ ጥፋት ወይ ያለ ምንም ምላሽ ይታለፋል፣ ወይ ለወራት ይጓተታል። ልጁ ደግሞ "ምንም አልተደረግሁም" ብሎ ይሄዳል። እኩዮች የሚሳተፉበት አሠራር እዚህም እዚያም ቀደም ብሎ ቢሞከርም፣ ለመስፋፋቱ ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1983 በቴክሳስ፣ ኦዴሳ ከተማ የተጀመረው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመላ አገሪቱ ከ100 ያነሱ ነበሩ፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ ግን ከ1,000 በላይ ደርሰዋል። ለዚህ ዋናው ምክንያት ወጪው አነስተኛ መሆኑ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ጥቂት ደመወዝተኞችና ብዙ በጎ ፈቃደኞች ናቸውና።

3. አራቱ የአሠራር ዓይነቶች

ሁሉም የወጣቶች ፍርድ ቤቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። በጽሑፎች ላይ በአራት ተከፍለው ይቀርባሉ።

ሀ) አዋቂ ዳኛ ያለበት፦ ችሎቱን የሚመራው አዋቂ ሰው (ዳኛ ወይም ጠበቃ) ነው። ዐቃቤ ሕጉ፣ ተከላካይ ጠበቃው፣ የችሎት ጸሐፊውና ጁሪው ወጣቶች ናቸው። በብዛት የሚገኘው ይኼኛው ነው።

ለ) ወጣት ዳኛ ያለበት፦ አቀማመጡ ከላይኛው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ዳኛውም ወጣት መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ቦታ የሚመረጠው በጠበቃነት ቆይቶ ልምድ ያገኘ ነው።

ሐ) የወጣት ዳኞች ጉባኤ፦ ጁሪ የለም። ወጣት ጠበቆች ጉዳዩን ለብዙ ጊዜ ሦስት ለሚሆኑ ወጣት ዳኞች ያቀርባሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው በአላስካ የአንኮሬጅ የወጣቶች ፍርድ ቤት በዚህ ይታወቃል። እዚያ ለማገልገል ተማሪው ለሳምንታት የሕግ ኮርስ ወስዶ እንደ ጠበቆች ፈተና ያለ ፈተና ማለፍ ነበረበት።

መ) የእኩዮች ጁሪ፦ ጠበቃ የሚባል የለም። አንድ ሰው ጉዳዩን በአጭሩ ያነባል፣ ከዚያ የጁሪው አባላት ራሳቸው ወጣቱን ፊት ለፊት ይጠይቁታል።

በአገራችን የፍርድ አሠራር ጁሪ ስለሌለ ለብዙዎቻችን ነገሩ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ጁሪ ማለት ከሕዝብ መካከል ተመርጠው ጉዳዩን ሰምተው የሚወስኑ ተራ ሰዎች ማለት ነው። አሜሪካዊው ወጣት ግን ይህን በቴሌቪዥንም በትምህርት ቤትም ስለሚያውቀው አሠራሩ አልከበደውም።

4. አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አንድ ልጅ ከሱቅ ዕቃ ሲወስድ ተያዘ እንበል። ፖሊስ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም የወጣቶች ፍርድ ቤት ሠራተኛ ጉዳዩ ለዚህ አሠራር ይመቻል ብሎ ካመነ ይልከዋል። አስተባባሪው (ይህ ሁልጊዜ አዋቂ ሰው ነው) ልጁንና ወላጆቹን አነጋግሮ አሠራሩን ያስረዳል፤ ከተስማሙ ቀጠሮ ይያዛል። ችሎቱ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ምሽት ላይ፣ ቀን እውነተኛ ችሎት በሚያስችልበት ክፍል ውስጥ ይውላል።

በዕለቱ በጎ ፈቃደኞቹ ምስጢር ለመጠበቅ ይምላሉ። ወጣቱ ዐቃቤ ሕግ ጥፋቱ በተበዳዩና በአካባቢው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ያቀርባል። ተከላካይ ጠበቃው የልጁን ሁኔታና ከጥፋቱ በኋላ ያደረገውን በጎ ነገር ያስረዳል። ልጁ ራሱ ይናገራል፣ ይጠየቃል፤ ወላጅም ይናገራል። ጁሪው ለብቻው ተማክሮ ውሳኔውን ያመጣል።

ውሳኔዎቹ ከሞላ ጎደል የሚከተሉት ናቸው፦ የተወሰነ ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ ለተበዳዩ የይቅርታ ደብዳቤ፣ ስለ ጥፋቱ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ለደረሰው ጉዳት ካሳ መክፈል፣ ስለ አልኮል ወይም ስለ ቁጣ አያያዝ ትምህርት መከታተል። እኔን ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በብዙ ቦታ ያጠፋው ልጅ ተመልሶ መጥቶ በሌላ ልጅ ጉዳይ ላይ የጁሪ አባል ሆኖ እንዲቀመጥ ይወሰናል። ትናንት የተጠየቀው ዛሬ ጠያቂ ይሆናል ማለት ነው። ደስ ካለው ግዴታውን ከጨረሰ በኋላም በበጎ ፈቃደኝነት መቀጠል ይችላል። የእኛ ትምህርት ቤት ያንን ልጅ አሰናበተው፤ እነዚህ ግን ወንበር ስበው "ናና ከእኛ ጋር ተቀመጥ" ይሉታል።

5. ለመሆኑ ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካው ኧርባን ኢንስቲትዩት በአራት ግዛቶች ያደረገውን ጥናት አወጣ። በወጣቶች ፍርድ ቤት ያለፉ ከ500 በላይ ወጣቶች በመደበኛው መንገድ ከታዩ ተመሳሳይ ወጣቶች ጋር ተነጻጽረዋል። በ6 ወር ውስጥ እንደገና ያጠፉት በአላስካ 6 በመቶ ሲሆኑ ተነጻጻሪዎቹ 23 በመቶ ነበሩ። በሚዙሪ 9 በመቶ በ28 በመቶ፣ በአሪዞና 9 በመቶ በ15 በመቶ ሆነ። በሜሪላንድ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ በወጣቶች ፍርድ ቤት ያለፉት 8 በመቶ፣ ተነጻጻሪዎቹ ደግሞ 4 በመቶ። በስታትስቲክስ መለኪያ የጎላ ልዩነት የታየው በአላስካና በሚዙሪ ብቻ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ መጠንቀቅ ያሻል። ወጣቶቹ በዕጣ አልተመደቡም፤ የሜሪላንዶቹ ተነጻጻሪዎችም ፖሊስ ራሱ በሚመራውና ተመሳሳይ አገልግሎት በሚሰጥ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ የነበሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ በዕጣ ምደባ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ የወጣቶች ፍርድ ቤትን የሚደግፍ ውጤት አላገኘም፤ እንዲያውም ወጣቶቹ ራሳቸው በተናገሩት መሠረት ተነጻጻሪው ቡድን የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ታዲያ ምን እንበል? "በእኩዮች ፊት ማቅረብ ብቻውን መድኃኒት ነው" ማለት አንችልም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ በ2002ቱ ጥናት ጥሩ ውጤት ያሳዩት ሁለቱ ቦታዎች አዋቂ ዳኛ ያለባቸው አይደሉም፤ ወጣቶቹ ራሳቸው ችሎቱን የሚመሩባቸው ናቸው። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለእኔ ግን ወጣቶች እውነተኛ ኃላፊነት ሲሰጣቸውና በደንብ ሲሠለጥኑ ለውጥ ሊኖር እንደሚችል ይጠቁመኛል። ስለዚህ ሸክሙ በበጎ ፈቃደኛው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

6. በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ሊያውቁት የሚገባ

ነገሩን በወረቀት ብቻ ከማየት ብለን በምስለ ችሎት ክበባችን አንድ ልምምድ አድርገን ነበር። የፈጠራ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ከሱቅ የጆሮ ማዳመጫ ወስዳ ተይዛለች፤ ጥፋቷንም አምናለች። አንዲት የክፍላችን ተማሪ የልጅቷን ቦታ ያዘች። እኛ አምስታችን ጁሪ ሆንን። ሦስት ደቂቃ ያህል ተማክረን 60 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና በሱቁ በር ላይ ቆማ የምታነበው ይቅርታ ወሰንን። እኔ በበኩሌ ጥሩ የፈረድን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

መምህራችን ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ "ከትምህርት ቤት ስትወጣ የት ነው የምትሄደው ብሎ የጠየቃት አለ?" ማንም አልጠየቃትም። ለተዋናይዋ የተሰጣት ወረቀት ላይ እናቷ እስከ ማታ ስለምትሠራ ሁለት ታናናሾቿን በየቀኑ የምትጠብቀው እሷ እንደሆነች ተጽፏል። 60 ሰዓቱን መቼ ልትሠራው ነው? እኛ የወሰንነው ልትፈጽመው የማትችለውን ግዴታ ነው። ባልፈጸመች ጊዜ ደግሞ ጉዳዩዋ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በሱቁ በር ላይ ቆማ ታንብብ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ከክፍል ስወጣ ያ የሰንደቅ ዓላማ ጠዋት ታየኝ።

ከዚህ ልምምድና ካነበብኩት በመነሣት፣ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያገለግል ወጣት የሚከተሉትን ማወቅ አለበት እላለሁ።

አንደኛ፣ ሥራህ ጥፋተኛነትን መፈለግ አይደለም። እሱ አልቋል። ልጁ "አጥፍቻለሁ" ብሎ ነው የመጣው። እንደ ፊልም ጠበቃ ልታፋጥጠው ብትሞክር የምታገኘው አዲስ ነገር የለም፤ ልጁን ታሳፍራለህ እንጂ።

ሁለተኛ፣ ምስጢር ጠብቅ። ይህ ከሁሉም የበለጠ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ነገ ጠዋት ያንን ልጅ በትምህርት ቤት ኮሪደር ታገኘዋለህ። ለቅርብ ጓደኛህ "ማን ቀረበ መሰለህ!" ብለህ አንዲት ቃል ብታወጣ መሐላውን አፍርሰሃል፤ ልጁም በማግስቱ "ካልኩሌተር" ይባላል። የጓደኛህ፣ የዘመድህ ወይም የተጣላህ ሰው ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው "እኔ በዚህ ጉዳይ አልቀመጥም" በል። እንዲህ ማለት ነውር የለበትም፤ እውነተኛ ዳኞችም ያደርጉታል።

ሦስተኛ፣ ከመወሰንህ በፊት ጠይቅ። ጥያቄህም መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ አይሁን። "ለምን ሰረቅህ?" ማለት ብዙ ጊዜ ዝምታን ነው የሚያመጣው። "ያን ቀን ጠዋት ከተነሣህ ጀምሮ የሆነውን ንገረን"፣ "በዚህ ነገር የተጎዳው ማን ይመስልሃል?"፣ "ቤት ውስጥ ማን ምን አለህ?"፣ "ምን ብታደርግ የሚስተካከል ይመስልሃል?" ብትለው ግን ይናገራል። የመጨረሻዋ ጥያቄ በተለይ ጠቃሚ ናት፤ ልጁ ራሱ ያመጣውን ግዴታ ለመፈጸም የበለጠ ይተጋል።

አራተኛ፣ መጠኑን ጠብቅ። ወጣት በወጣት ላይ ሲፈርድ ይራራል ብለን እንገምት ይሆናል። በእኛ ልምምድ የታየው ግን ተቃራኒው ነው። ኃላፊነት ስለተሰጠን ብቻ ኮስታራ መሆን ያለብን መሰለን። ስለዚህ ሦስት ነገር ማመዛዘን ያስፈልጋል፦ ግዴታው ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል? ከጥፋቱ ጋር ግንኙነት አለው? ልጁስ ባለው ጊዜና አቅም ሊፈጽመው ይችላል? ግድግዳ ያበላሸ ልጅ ግድግዳ ቢቀባ ትርጉም አለው። ያንኑ ልጅ ቆሻሻ እየለቀመ ጓደኞቹ እንዲያዩት ማድረግ ግን ማዋረድ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ልጁን ከጥፋቱ ለይ። የሥነ ወንጀል ሊቁ ጆን ብሬይትዌይት እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ኀፍረት እንዳለ ያስረዳሉ። አንዱ ሰውን "ሌባ" ብሎ ስም ሰጥቶ ከኅብረተሰቡ የሚያስወጣ ነው። ሌላው ድርጊቱን አጥብቆ እየነቀፈ ሰውየውን መልሶ የሚቀበል ነው። የመጀመሪያው ጥፋትን ያበዛል፣ ሁለተኛው ይቀንሳል የሚል ነው ሐሳባቸው። በችሎት ላይ ይህ በትናንሽ ነገሮች ይገለጻል፦ ልጁን በስሙ መጥራት፣ ሲናገር ዓይን ዓይኑን አይቶ ማዳመጥ፣ ውሳኔ ሲነበብ አለመሳቅ፣ ሲጨርስ "እንኳን ደስ ያለህ" ማለት።

ስድስተኛ፣ ወሰንህን እወቅ። ልጁ በችሎቱ መካከል "እኔ አላደረግሁትም፤ እመን ስለተባልኩ ነው" ቢል ወይም ቤት ውስጥ እንደሚደበደብ ቢናገር ያ የአንተ ሥራ አይደለም። ችሎቱ ይቁም፣ አስተባባሪው ይጠራ።

7. የሚነሡ ትችቶች

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወደ ጎልት ጉዳይ ይመልሰናል። የወጣቶች ፍርድ ቤት የሚጀምረው ጥፋትን በማመን ነው። ግን አንድ የ14 ዓመት ልጅ "ካመንክ መዝገብህ ንጹሕ ይሆናል፣ ካላመንክ እውነተኛው ፍርድ ቤት ትሄዳለህ" ሲባል እምነቱ ምን ያህል በፈቃዱ ነው? ያላጠፋም ልጅ ፈርቶ "አዎ" ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1967 በብዙ ትግል የተገኙት መብቶች በመልካም ስም በጓሮ በር እንዳይወጡ ያሰጋል። ስለዚህ ልጁና ወላጆቹ ከመስማማታቸው በፊት ጠበቃ የማማከር ዕድል እንዲያገኙና አለመስማማት መብት እንደሆነ በግልጽ እንዲነገራቸው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ትችት "መረቡን ማስፋት" የሚባለው ነው። ቀድሞ ፖሊስ መክሮ ወደ ቤቱ የሚልከው ልጅ አሁን ፕሮግራሙ ስላለ ብቻ ችሎት ይቀርባል ይላሉ ተቺዎቹ። እውነትም አንዳንድ ጥፋት የእናት ቁጣ ይበቃዋል።

8. እኛን ምን ያገናኘናል?

በ2002ቱ ጥናት የተካተተው የሜሪላንዱ የወጣቶች ፍርድ ቤት የሚገኘው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው በዚሁ ካውንቲ ውስጥ ሲሆን በአካባቢው ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጅ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ስለዚህ ጉዳዩ ከሩቅ የምናየው የሰው አገር ነገር ብቻ አይደለም። "ልጅዎ ጥፋቱን አምኖ ይህን ፕሮግራም ይግባ" የሚል ወረቀት የደረሰው ሐበሻ ወላጅ ከኀፍረት የተነሣ ሳያነብ እንዳይፈርም፣ ወይም በንዴት "ልጄ ሌባ አይደለም!" ብሎ ጥሩ ዕድል እንዳይዘጋበት መጀመሪያ በሚገባው ቋንቋ ይጠይቅ።

በአገራችን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል እንደማይጠየቅ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ደግሞ የአዋቂ ቅጣት እንደማይፈጸምና ለማረም የታሰቡ የተለዩ እርምጃዎች እንደሚወሰዱ ይደነግጋል። ሽምግልናም አለን። ነገር ግን ሽማግሌ ስንል ትልልቅ ሰዎችን ነው የምናስበው፤ እኩያ የሚባል ቦታ የለውም። እኩያ ቦታ የሚያገኘው በትምህርት ቤት ነው፤ እዚያም የክፍል አለቃ ሆኖ ስም ይጽፋል፣ በሰልፍ ላይ ይጮኻል። የወጣቶች ፍርድ ቤት ይቋቋም እያልኩ አይደለም። ለዚያ ሕግም፣ ሠልጣኝም፣ ገንዘብም ያስፈልጋል። የምለው ይህን ያህል ነው፦ በየትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ በእኩዮች ፊት ከቀረበ፣ እኩዮቹ ከመጮህ ይልቅ ጥያቄ መጠየቅ ይማሩ።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት የወጣቶች ፍርድ ቤት ጥፋትን የሚያጣራ ሳይሆን ካመነ ወጣት ጋር መመለሻውን መንገድ የሚፈልግ መድረክ ነው። የጥናቶቹ ውጤት የተደበላለቀ ነው፤ የመብት ጥያቄም አለበት። ጥሩ ሆኖ ሲገኝ ግን ጥሩ የሚያደርገው ችሎቱና መዶሻው አይደለም፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሆን ሠላሳ ደቂቃ ቆይቶ የሚጠይቅ፣ የሰማውን ደግሞ በሆዱ የሚይዝ ወጣት ነው።

ዓምና ከግቢ ወደ ከተማ ሚኒባስ ተሳፍሬ ስሄድ ረዳቱ ትክ ብሎ አየኝና "አለቃ! ደኅና ነህ?" አለኝ። እሱ ነበር። ሒሳብ ስሰጠው አልቀበልም አለኝ። ስለዚያ ጠዋት እሱም አላነሣም፣ እኔም አፍሬ አላነሣሁም። ከወረድኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ቆጨኝ። በዚያን ጊዜ ካልኩሌተሩ ለምን እንዳስፈለገው ከሁላችንም አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀውም። እሱ ግን በግልጽ ነግሮን ነበር፦ ፈተና ነበረበት፣ ካልኩሌተር አልነበረውም።